ዐርብን አጥብቀሽ ያዢ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ጎንደር ነው። ከአምስት ወር በፊት ባንክ ተቀጥሬ ደሴ ተመደብኩ። ሮቢት አካባቢ አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ጎንደር እያለሁ ቅዳሜ ጠዋት ከምኩራብ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። እዚህ ግን ማንም የለኝም። ባንኩ ቅዳሜም ይሠራል። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ጊዜ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚያ አፈርኩና መግባት ጀመርኩ። አሁን ዐርብ ማታ ሻማ ማብራት ራሱ ውሸት እየመሰለኝ ትቼዋለሁ። የስግድ በዓላችንም እየደረሰ ነው፤ ጎንደር ለመሄድ ፈቃድ አላገኝም። ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። አሥር ሰው በሌለበት ጸሎቴ ይቆጠራል? ቅዳሜ ጠዋት የጎንደሩን ጸሎት በስልክ ብከታተልስ? ወይስ እናቴ እንደምትለኝ ሥራውን ለቅቄ ልመለስ?

ከደሴ፣ ሮቢት

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሻማውን ትቼዋለሁ ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያልጠየቅሽኝ እሱን ነው። እኔ ግን ከእሱ ልጀምር።

ሻማ የሚበራው ሰንበት ልትገባ ስለሆነ ነው። አንቺ ጠዋት ባንክ መግባትሽ ሰንበትን ከመግባት አያግዳትም። ዐርብ ማታ ያንቺ ነው። ማንም አልወሰደብሽም። ቅዳሜን መያዝ ያቃተው ሰው ዐርብን ጨምሮ ለምን ይጥላል? እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ጥዬው ነበር። ስለዚህ የምልሽን የምልሽ አውቄው ነው።

የተወለድኩት ወለቃ ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን መንደር ታውቂዋለሽ። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። በእኛ ቤት ሳምንቱ ወደ ዐርብ የሚወርድ ቁልቁለት ነበር። ሐሙስ ልብስ ይታጠባል። ዐርብ ከጠዋት ጀምሮ ዳቦ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ውሃ ይቀዳል። ወንዶቹ ከእርሻውም ከብረት ሥራውም በጊዜ ይገባሉ። ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፤ ነጭ ይለብሳል። ጀንበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። እናቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ፍም ስታጠፋ እስካሁን ይታየኛል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። ሻማ ማብራቱን የያዝነው በኋላ ነው። ቅዳሜ የዐርቡን ምግብ በቀዝቃዛው እንበላለን።

ጠዋት መስጊድ እንሄዳለን። አንቺ ምኩራብ ትያለሽ፤ እኛ በልጅነታችን የጸሎት ቤታችንን መስጊድ ነበር የምንለው። የሚሰገድበት ቦታ ማለት ነው። ቄሱ በግእዝ ይጸልያሉ። እናቶች ዳቦውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቄሱ ይባርኩታል፤ ሁሉም ቆርሶ ይበላል። ጠላ ይቀዳል። ከሰዓት በኋላ የታመመ ይጠየቃል። አየሽ፣ እኔ ሰንበትን ጠብቄ አላውቅም ነበር። መንደሩ ነበር የሚጠብቅልኝ። ደሴ ስመጣ ነው ይህ የገባኝ።

ደሴ የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጋሸና አድርገን፣ ወልድያ አድረን ገባን። እሱ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። እኔ አንድ ስፌት ቤት ተቀጠርኩ። ቅዳሜ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜ ሠራሁ። ለስፌት ቤቱ ባለቤት ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። በሦስተኛው ወር ሻማውንም ተውኩት። ልክ እንዳንቺ።

አንድ ቅዳሜ የሰው ሙሉ ልብስ አበላሸሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት «ሌላ ቀን እጅሽ ወርቅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይነካሻል?» አለኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ እሑድ ገብተሽ አትሠሪም ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። በቃ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ሰባት ወር የፈራሁት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አለቀ።

ሁሉም አለቃ እንዲህ ነው አልልሽም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ልቀጠር ሄጄ ስለ ቅዳሜ ስነግራቸው «እንግዲያው አትድከሚ» ተባልኩ። ሦስት ወር ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያገለገለ ሲንጀር ገዝቼ በቤቴ ጀመርኩ። ያ ሦስት ወር ከባድ ነበር። ከሰባቱ ወር ግን ይቀል ነበር። ቢያንስ ዐርብ ማታ ቤቴ ውስጥ ብርሃን ነበር።

ስለዚህ አሞኛል ማለቱን ተይው። ሁለት ቀን ያስቀርሽ ይሆናል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አንቺን ራስሽን ያሳምምሻል። ሥራ አስኪያጅሽ ጋ ግቢና እውነቱን ንገሪ። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማንኛውም ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ይህ ዕረፍት ግን በተለምዶ እሑድ ነው። ሕጉን ይዘሽ ብቻ አትግቢ ማለቴ ነው። መለወጫ ይዘሽ ግቢ። ያለሽው ደሴ ነው። አጠገብሽ ዐርብ ጁምዓ የሚሄድ ወንድም አለ። በረመዳን ለማፍጠሪያ ቀደም ብሎ ቤቱ መድረስ የሚፈልግ አለ። የቃና ዘገሊላ ዕለት ከልጆቹ ጋር መሆን የሚፈልግ አለ። የእነሱን ሰዓት አንቺ ሸፍኚ፤ የአንቺን ቅዳሜ እነሱ ይሸፍኑ። ወሎ ውስጥ «የሃይማኖት ጉዳይ አለብኝ» የሚለውን ሰው እንግዳ አድርጎ የሚያየው የለም። ሁሉም የራሱ አለበት።

እምቢ ቢሉሽስ? ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ፤ አሁን ያለሽን ግን ዛሬውኑ አትልቀቂ። እስከዚያው ከባንክ ከወጣሽበት ደቂቃ ጀምሮ ያለው የቅዳሜ ሰዓት የሰንበት ነው። ገበያ አትግቢ። ልብስ አትጠቢ። «ሙሉ ካልሆነ ምንም አይሁን» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበላቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሥር ወንድ ካልሞላ የማይባሉ ጸሎቶች አሉ። ካዲሽ አይባልም፣ ቅዱሻ አይባልም፣ ኦሪቱ ከጥቅልሉ ወጥቶ አይነበብም። ሌላው በሙሉ ያንቺ ነው። «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚለው ሼማ ያንቺ ነው። ቆመን የምንጸልየው አሚዳ ያንቺ ነው። «በሰንበት ቀን» የሚለው መዝሙር ያንቺ ነው፤ በመጽሐፍሽ 91 ወይም 92 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ጸሎትሽ ይቆጠራል ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ስትጸልዪ የሚሰማሽ አሥር ሰው ቆጥሮ አይደለም የሚሰማው።

ኦሪት በ54 ክፍል ተከፍሎ በየሳምንቱ ይነበብ የለ? የሳምንቱን ክፍል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንብቢ። ጎንደር ያሉት በዚያች ጠዋት የሚያነቡትን አንቺም ታነቢያለሽ። በዚህ ሰሞን ተራው የአብራም ነው። «ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ» ውጣ የተባለበት። እኔ ይህን ክፍል ወለቃ እያለሁ ስንት ጊዜ ሰምቼው ምንም አላለኝም ነበር። ደሴ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳነበው ግን ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አስተውዪ። አብራም በሄደበት ሁሉ መሠዊያ ይሠራል። ምኩራብ ተሠርቶ አልጠበቀውም።

ወዴት ዞረሽ እንደምትጸልዪ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልንገርሽ፤ ደስ ይለኛልና። ከደሴ ኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ናት። ፊትሽን ወደ ሐይቅና ወደ ወልድያ መንገድ አዙሪ። መካም ከእኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት። አከራይሽ መስገጃዋን የምታነጥፍበትን አቅጣጫ እይና ትንሽ ወደ ግራ በዪ። ኢየሩሳሌም እዚያ ናት። እኔና ጎረቤቴ ለብዙ ዓመት በአንድ ግድግዳ ማዶና ማዶ ወደ አንድ አቅጣጫ ቆመናል።

የስልኩን ነገር አይሆንም እላለሁ። እንደናፈቀሽ ይገባኛል። ግን ስልክ አብርተሽ የምታይው ሰንበት የሌሎች ሰንበት ነው። አንቺ ተመልካች ትሆኛለሽ። ስልኩን ከሰንበት በፊትና በኋላ ተጠቀሚበት። ሐሙስ ማታ ለእናትሽ ደውዪና የኦሪቱ ንባብ የት እንደደረሰ ጠይቂ። ዐርብ ሻማ ሳታበሪ በፊት «ሻባት ሻሎም» በያት። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ሲታይ እንደገና ደውዪ። ማን መጣ? ማን ጸለየ? ምን ተሰበከ? ማን ታሟል? በክረምት ደሴ ጉም ስለሆነ ኮከብ አትጠብቂ፤ ጀንበር ከጠለቀች ወደ 40 ደቂቃ ቆጥረሽ ደውዪ።

ዐርብን እንዴት እንደምትይዢው ልንገርሽ፤ ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ነው። አንቺ ሠራተኛ ስለሆንሽ ዐርብሽ ሐሙስ ማታ ይጀምራል። ከሥራ ስትገቢ ሊጥ አቡኪ። ደሴ ብርድ ነው፤ ሊጥ ቶሎ አይነሳም። በጋቢ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ዐርብ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ሁለት ትንንሽ ዳቦ ጋግሪ። ሁለት የሆነው በምድረ በዳ ዐርብ ዐርብ መናው እጥፍ ይወርድ ስለነበረ ነው። ለኪዱሽ፣ ለሰንበት መባረኪያው፣ ወይን ከቸገረሽ ከሰኞ ገበያ ዘቢብ ገዝተሽ በውሃ ቀቅይና ጨምቂው። እሱም ከጠፋ በዳቦው ላይ መባረክ ይቻላል። ሽሮም ይሁን ምስር ሐሙስ ይሠራ። ቡናሽን ዐርብ አፍልተሽ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጊ። የክፍልሽን መብራት አብርተሽ ተይው፤ ቢጠፋም ይጥፋ፣ ማብሪያውን አትንኪ።

በዚህ ሰሞን ጀንበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሻማ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀድሞ ይበራል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤትሽ ሁኚ። የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚጋርዳት «አመለጠኝ» ብለሽ አትደንግጪ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ እደነግጥ ነበር።

አሁን ስላለፉት ቅዳሜዎችሽ። ተሰብረዋል፤ አልዋሽሽም። ግን አንድ ነገር ላውጋሽ።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በዚያ ሰሞን እዚህ የነበረ ደሴዬ ሁሉ ያስታውሳታል። የጦርነቱ ተኩስ ቀርቦ ነበር። ሰው ልጁን አዝሎ እየወጣ ነው። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ሲዱሬን፣ የጸሎት መጽሐፌን፣ ይዤ ተቀምጫለሁ። ያደግኩት ኩፋሌ እየተነበበልኝ ነው። እዚያ ላይ በሰንበት መንገድ የሄደ፣ ውሃ የቀዳ፣ እሳት ያነደደ ሞት ይገባዋል ይላል። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ገባች። «ተነሽ! አብሽሪ፣ ጌታሽ ያውቃል» አለችኝ። ጋቢዬን አለበሰችኝ። የሐረጎን ቁልቁለት በእግር ወረድን።

ቁልቁለቱን ስወርድ አክስቴን አሰብኳት። እሷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የሄደችው በግንቦት 1983 ነው። ግንቦት 16 ዐርብ ነበር፤ 17 ቅዳሜ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ሰንበት ገብታ አውሮፕላኖቹ አልቆሙም። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ትሻራለችና። ኦሪት ትእዛዙን የሰጠው «በእርሱ በሕይወት እንዲኖርበት» ብሎ ነው። አክስቴ እኮ ሰንበትን የሻረችው በሕይወቷ ሁሉ የጸለየችበት አገር ለመድረስ ነበር። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ለመድረስ። አለቀስኩ፤ ግን መራመዴን አላቆምኩም።

ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ቤቴ ተሰብሯል። ሲንጀሬ የለም፤ ብርድ ልብስ የለም። ያቺ ጎረቤቴ ከእኔ ሁለት ቀን ቀድማ ገብታ ነበር። ቀኑ ሐሙስ ነው። በትልቅ ሳህን ዱቄት ይዛ መጣች። «ነገ ዐርብሽ ነው» አለችኝ። እኔ ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችም።

የባንክ ሥራ ነፍስ ማዳን ነው እያልኩሽ አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የምልሽ ሰንበት ተሰብራ የማትመለስ ዕቃ አይደለችም። ሸክላ ብትሆን እናቴ ትነግረኝ ነበር። በሰባተኛው ቀን ትመጣለች።

ለዚህም ነው ለአከራይሽ ንገሪያት የምልሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ማንም የለኝም» ብለሻል። ሁለት መስመር ቀደም ብሎ ግን አንዲት እናት ግቢ እኖራለሁ ብለሻል። የእኔ ጎረቤት ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። ለእናቴ በስልክ «መስጊድ ሄዳችሁ?» ስል ሰማችኝ። ማታ መጥታ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ሰልመሻል እንዴ?» አለችኝ። አስረዳኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ልጆቿ ክር ቀጥይልን ብለው በሬን አያንኳኩም። ቡና ስታፈላ ትጠራኛለች፤ ለቤተሰቧ ያፈላችውን እጠጣለሁ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ተቀምጬ እጨርሳለሁ። ለእኔ ብላ እሳት እንድታነድልኝ ግን አልጠይቃትም፤ እሷም ታውቃለች። ሥጋ አንበላላም። ይህ ወሎ ውስጥ ለማንም አዲስ አይደለም።

ስግድን በሚመለከት ባጭሩ። ቀኑ ከአስተሰርዮ፣ ከስርየት ቀን፣ በኋላ 50ኛው ቀን ነው፤ በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29። ፈቃድ ካጣሽ ጾሙን እዚሁ ጹሚ፤ ከሰዓት በኋላ ይፈታል። ሥራ ሳትገቢ ማልደሽ ተነሺና ነህምያ ምዕራፍ 9ን አንብቢ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ ጠዋት ከሰው ጋር ሆነሽ ጦሳን ትንሽ ውጪ። ቀኑ የስግድ አይደለም፤ ተራራው ግን ተራራ ነው። አባቶቻችን አንገታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አቅንተው የጸለዩት እንደዚህ ካለ ከፍታ ላይ ነው።

እናትሽ ተመለሺ ማለቷን አከብራለሁ። እናት ናት። ግን አልስማማም። ብዙዎቻችን ኑሯችንን «እስራኤል ስሄድ» ለምትል ቃል አስይዘናል። ስሄድ እማራለሁ፤ ስሄድ አገባለሁ፤ ስሄድ ሰንበቴን በደንብ እጠብቃለሁ። ዓመታት አለፉ። ታናሽ እህቴ በ2013 ዓ.ም. እስራኤል ገባች። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ። ምኩራቡ ሰው ሞልቶበታል፤ ግን ማንም በሯን አላንኳኳም፤ ዳቦ የሚቆርስላት አልነበረም። «አንቺ ደሴ ሆነሽ ከእኔ ትሻያለሽ» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ ጋግራ ፎቅ ለፎቅ ዞረች። አሁን ዐርብ ማታ ስድስት ሴቶች እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ለመሄድ ተዘጋጂ፣ ወረቀትሽን ተከታተዪ፣ ጎንደርንም አትርሺ። ሰንበትሽን ግን ለሻንጣ አታስቀምጪው።

ከሮቢት እኔ ቤት ሩቅ አይደለም። የመጽሔቱን ዝግጅት ክፍል ስልኬን ጠይቂ፤ እንዲሰጡሽ ነግሬያቸዋለሁ። ዐርብ ከባንክ ስትወጪ በቀጥታ ነይ፤ ቅዳሜ ማታ ኮከብ ሲታይ እሸኝሻለሁ። ሁለት ሆነን አሥር አንሞላም። ዳቦዬን ግን እናቴ ለመንደር እንደምታደርገው አድርጌ ነው የምጋግረው፤ ለአንድ ሰው ቀንሼ መጋገር እስካሁን አልለመድኩም።